በአንድ ፊልም ላይ መቶ ሰማንያ ሰው

አንድ ጥቅል ፊልም ሠላሳ ስድስት ፎቶ ያነሳል። ለጦር ሜዳው ፎቶ አንሺ በወር የሚደርሰው አራት ጥቅል ነበር። አራቱም ሥራ አላቸው፤ የፈረሰ ድልድይ፣ የተማረከ መድፍ፣ እጅ ለእጅ የሚጨባበጡ አዛዦች። ዋናው መሥሪያ ቤት እያንዳንዷ ፎቶ ለምን እንደተነሳች በጽሑፍ እንዲገለጽለት ይፈልጋል። እሱ ባለበት የጦር ሰፈር ደግሞ ከሁለት መቶ በላይ ወታደሮች አሉ፤ ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ እናታቸው እጅ የሚገባ ፎቶ። ፎቶ አንሺው ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሊፈታው የተነሳውም ችግር ይኸው ነበር፤ ነገ ግንባር የሚሄድን ሰው ፊት ሳይነሱ እንዴት ይሸኙታል?

መጀመሪያ እውነቱን ተናገረ። "ወንድሞቼ፣ ፊልሙ የመንግሥት ነው" አላቸው። ማን ሰምቶት! "አንዷን ብቻ፣ ጆሮ" ይሉታል። ጆሮ ያሉት ጆሮዎቹ ከኮፍያው ግራና ቀኝ ወጣ ብለው ስለሚታዩ ነው። "አንተማ ምን አለብህ፣ ጥይቱን ከእኛ ቀድመህ ትሰማለህ" እያሉ ይስቁበት ነበር።

አንድ ጠዋት አንድ ወታደር ፀጉሩን በውሃ አበጥሮ፣ ቁልፉ ያልጎደለ ሸሚዝ ከጓደኛው ተውሶ መጣና ፊት ለፊቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ካሜራው ባዶ ነበር። ጆሮ አንጀቱ አልቻለም። ካሜራውን አነሳ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ "አገጭህን ትንሽ ዝቅ" አለና ጠቅ አደረገ። የወታደሩ ፊት ፈካ።

"መቼ ይደርሳል?"

"ጦርነቱ ሲያልቅ ከቤቴ መጥተህ ትወስዳለህ" አለና አድራሻውን በቁራጭ ወረቀት ጻፈለት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ሰልፍ ተሠርቶ ነበር።

በዚህ ዓይነት አርባ ያህል ሰው በባዶ ካሜራ አነሳ። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ ለኋላውም ታሪክ ቁልፉ ይኸው ነው። ጆሮ በባዶ ካሜራም ቢሆን ሰውን አበላሽቶ ማንሳት አይሆንለትም ነበር። ሁሉንም የሚያቆማቸው አንድ ቦታ ነው፤ ሸራ ከለበሰው የጭነት መኪና ኋላ። ሸራው ሲገለጥ የመኪናው ሆድ ጥቁር ነው፤ ከዚያ ጨለማ ፊት የቆመ ሰው መልኩ ጎልቶ ይወጣል። ፀሐይዋ እስክትዞር ይጠብቃል፣ ርቀቱን በእርምጃ ይለካል፣ ኮሌታ ያቃናል። ፊልም በሌለበት ይኼ ሁሉ ልፋት ለምን ቢባል፣ እጁ ሌላ አሠራር አያውቅም።

ነገሩን የደረሰበት አንድ ሰዓት ሠሪ ነው። ወታደር ከመሆኑ በፊት በሙያው የኖረ፣ አሁንም የሰፈሩን ሰዓቶች ሁሉ የሚጠግን ሰው ነበር። ወረፋው ደርሶ ከተነሳ በኋላ ጆሮን በክርኑ ነካ አድርጎ ወደ ጥግ ወሰደው።

"እስቲ ንገረኝ፣ በቀኝ በኩል ስትጠመዝዝ በግራ ያለችው ትንሿ ቁልፍ ለምን አትዞርም?"

"አንተን ምን አገባህ?"

"አገባኝ እንጂ! እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ጥርስ ካለው ነገር ጋር ነው። አንዱ ሲዞር ሌላው ከቆመ መሃሉ ባዶ ነው ማለት ነው።"

ጆሮ ቀልቡ ተገፈፈ። "ትነግራቸዋለህ?"

"ምን በወጣኝ! ደስ ብሏቸው የለ? ግን ዓይን ያለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የተበላሸ ፊልም አጣህ? እሱን አግባበትና ቁልፏ ትዙር።"

የተበላሸ ፊልም ነበረው። አንድ ጥቅል በሹፌሩ ስህተት የሞተር ክዳን ላይ ሳምንት ሙሉ ሲጋገር ከርሞ፣ መሥሪያ ቤቱ "ጣለው" ብሎት ነበር። ጆሮ እሱን አገባበት። ሠላሳ ስድስት ሰው ካነሳ በኋላ ፊልሙን ወደ ኋላ ይጠቀልለዋል፤ ጫፉ ከመያዣው ሲላቀቅ እጁ ላይ ላላ የሚል ስሜት አለ፣ እዚያ ላይ ያቆማል። ከዚያ ጫፉን ይዞ እንደገና ያስገባውና ሌላ ሠላሳ ስድስት ሰው ያነሳል። በዚያው ፊልም፣ በዚያው ቦታ ላይ። የተበላሸ ነገር በላዩ ላይ ቢደራረብበት ምን ይሆናል?

ሰዓት ሠሪው ግን አንድ ነገር አስገደደው። "ከዋሸን አይቀር በሥርዓት እንዋሽ" አለና ትንሽ ደብተር አመጣ። ማን በስንተኛው ቁጥር፣ በስንተኛው ዙር እንደተነሳ ይጻፍበት ጀመር። የሚጻፈው ሰዎቹ የሚጠሩበት ቅጽል ስም ነው፤ "ቁጥር ዘጠኝ፣ ሁለተኛ ዙር፣ ሳቂታው"፣ "ቁጥር ዐሥር፣ ሁለተኛ ዙር፣ አጎቴ"። ፊልሙ አምስት ዙር ሄደ። መቶ ሰማንያ ሰው ማለት ነው። በአምስተኛው ዙር መጨረሻ ቁልፏ ሠላሳ ስድስትን አልፋ አንድ እርምጃ ተጨማሪ ሄደች፤ ፊልም አንዳንዴ እንዲህ ይመርቃል። ሰዓት ሠሪው ካሜራውን ከጆሮ እጅ ነጠቀ።

"ሂድ ቁም።"

"እኔ?"

"አዎ አንተ። ሰውን ሁሉ ስታነሳ ትኖራለህ፣ አንተን ማን ያንሳህ? አገጭህን ትንሽ ዝቅ!"

በሳምንቱ ሰዓት ሠሪው ወንዝ ሲሻገር ሞተ። ደብተሩ ጆሮ ኪስ ውስጥ ነበር።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ጆሮ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ክፍል የጉርድ ፎቶ ቤት ከፈተ። መታወቂያ የሚያወጣ፣ ትምህርት የሚመዘገብ፣ ሥራ የሚያመለክት ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል። አንድ በርጩማ፣ አንድ ነጭ መጋረጃ፣ ግድግዳው ላይ አንድ መስታወትና በክር የታሰረ ማበጠሪያ። ከኋላ ያለችው መስኮቷ በጥቁር ጨርቅ የተደፈነ ክፍል ፊልም የሚያጥብባት ናት። አግብቷል፣ ወልዷል፣ ልጆቹን ድሯል። አልፎ አልፎ አድራሻው የተጻፈበትን ወረቀት የያዘ ሰው በሩን ያንኳኳ ነበር፤ ወንድም፣ አባት፣ አንዴም ራሱ የተነሳው ወታደር በክራንች። ለሁሉም "ፊልሙ ውሃ ገብቶበት ጠፋ፣ ይቅር በሉኝ" ይላል። ከሸኛቸው በኋላ ያን ቀን ሥራ አይሠራም።

ፊልሙ ግን ነበረ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከሚስቱ የክረምት ልብሶች በታች፣ በቆርቆሮ ጣሳ። ሠላሳ አንድ ዓመት አላጠበውም። ምክንያቱን ለማስረዳት ቀላል ነው፤ ፊልም የሚታጠበው አንዴ ብቻ ነው። ሳይታጠብ እስከቆየ ድረስ ውስጡ ሰው ሊኖር ይችላል። ታጥቦ ባዶ ከወጣ ግን ቁርጡ ታወቀ።

በሩን በመጨረሻ ያንኳኳችው ሴት አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። እጆቿ እስከ አንጓዋ ሰማያዊ ናቸው፤ ጨርቅ ማቅለሚያ ቤት ነው የምትሠራው።

"ጆሮ የሚባሉት ፎቶ አንሺ እርስዎ..." አለችና ቀና ብላ አየችው። "ተውት፣ አገኘሁዎት።"

ጆሮ ሳይወድ ሳቀ። "ግቢ፣ የኔ እህት።"

በርጩማው ላይ ተቀምጣ ከቦርሳዋ ደብዳቤ አወጣች። ከታላቅ ወንድሟ የመጣ የመጨረሻ ደብዳቤ ነው። እናቷ ስትሞት ከትራሷ ሥር ተገኘ። "ፎቶ ተነስቻለሁ" ይላል። "ጆሮው ትልቅ የሆነ ሰው ነው ያነሳኝ። እዚህ ሁሉም ሰንበሌጥ ነው የሚሉኝ፣ ሰንበሌጥ ብላችሁ ጠይቁት።" ሌላ ፎቶ የለውም፤ ፎቶ የነበረበት መታወቂያውም ከእሱ ጋር ጠፍቷል።

ጆሮ የለመደውን ሊናገር አፉን ከፈተ። እሷ ግን ቀደመችው።

"ፎቶው እንደሌለ ሰዎች ነግረውኛል፣ ጋሼ። ለፎቶው አይደለም የመጣሁት። ሲሄድ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ድምፁን አስታውሳለሁ። ትከሻው ላይ አድርጎኝ ሲሮጥ አስታውሳለሁ። መልኩን ግን..." ሰማያዊ እጆቿን አየች። "መልኩን ረስቼዋለሁ። ለእናቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ምን ይመስል እንደነበር ይነግሩኛል ብዬ ነው።"

አንድ ሰው ነውሩን ፊትህ ላይ ሲዘረግፍ ያንተን ደብቆ መቀመጥ ከባድ ነው። ጆሮ ሁሉንም ነገራት። ባዶውን ካሜራ፣ አርባዎቹን፣ የተጋገረውን ፊልም፣ አምስቱን ዙር። እየነገራትም ደብተሩን ፍለጋ መሳቢያውን ያምስ ነበር፤ ምክንያቱም አንድ ነገር አስፈርቶታል። ወንድሟ ከመጀመሪያዎቹ አርባ አንዱ ከሆነ ምንም የለም፤ ጭራሽ ምንም። ገጾቹን በጣቱ ወረደባቸው። "ቁጥር ሃያ ሁለት፣ ሦስተኛ ዙር፣ ሰንበሌጥ።" ጽሑፉ የሰዓት ሠሪው ነው፤ ከጎኑ "በጣም ረጅም፣ ከሸራው ሊደርስ ምንም አልቀረው" የሚል አለ።

ሴትየዋ መስመሩን በጣቷ ነካችው። ጆሮ ትቆጣለች ብሎ ጠብቆ ነበር።

"እሱ አውቆ ነበር?" አለች።

"አያውቅም።"

"ደስ ብሎት ነበር?"

"በጣም።"

"እንግዲያስ ፊልሙን ያምጡታ፣ ጋሼ፤ ምን ይጠብቃሉ?"

ጣሳው ከቁም ሣጥን ሲወጣ ሚስቱ ደረሰች። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእኔ ቁም ሣጥን ውስጥ መቶ ሰማንያ ወንድ ደብቀህ?" አለችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

አሁን ሥራው እንዴት እንደተሠራ እንይ፤ እኔ ደስ የሚለኝ ይኼ ክፍል ነው። ብርሃን የነካው የፊልም ቦታ ሲታጠብ ይጠቁራል፤ ያልነካው ጠርቶ ይቀራል። አምስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ተደራርቦ የተነሳው ሜዳ ላይ ሰማይን ተደግፎ ቢሆን ኖሮ፣ የአምስቱ ሰማይ ተደምሮ ሁሉንም ባጠፋቸው ነበር። እነዚህ ግን ከጨለማ ፊት ነው የቆሙት። ጨለማ ፊልምን አይነካም። ስለዚህ የአንዱ ፊት ያረፈበት ቦታ ላይ የሌላው ጨለማ ካረፈ ፊቱ እንዳለ ይቀመጣል። ሰንበሌጥ ደግሞ ረጅም ነው፤ ሌሎቹ አራቱ ቁመታቸው እዚያ ካልደረሰ ፊቱ ከበላያቸው ብቻውን ነው! ጆሮ ይኼን ሲያስረዳ ከወንበሩ ተነስቶ በእጁ እየለካ ነበር።

የሚያስፈራው ሙቀቱና ዕድሜው ነው። የከረመ ፊልም ብርሃን ሳይነካውም ይጠቁራል፤ ጭጋግ ይለብሳል። ለሙከራ ቆርጦ እንዳያጥብ እያንዳንዷ ቁራጭ አምስት ሰው ናት። ደግነቱ የፊልም ሁለት ጫፍ ሰው የለበትም። የፊተኛው ጫፍ ሲገባና ሲወጣ ፀሐይ የመታው ነው፤ የኋለኛው ጫፍ ብርሃን አይቶ አያውቅም። የፊተኛው ሙሉ ብርሃን ምን ያህል እንደሚጠቁር ይናገራል፤ የኋለኛው ደግሞ ጭጋጉ ምን ያህል እንደሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው ሰዎቹ የቀራቸው ቦታ።

ጆሮ ከሁለቱም ጫፍ ቁራጭ ቁራጭ ቆረጠና በለመደው መንገድ አጠባቸው፤ ትኩስ፣ ወፍራም፣ ፈጣን። ጦር ሜዳ የሠለጠነ እጅ ችኩል ነው። የኋለኛው ቁራጭ ከፊተኛው እኩል ሊጠቁር ምንም አልቀረውም። ጆሮ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። "አበቃ" አለ።

ሴትየዋ ቁራጩን ወደ መስኮት አንስታ አየችው። "ምን ያህል አሞቁት?"

"እንደ ሁልጊዜው።"

"ኧረ ጋሼ! እኛ ጋ አሮጌ ጨርቅ ሲመጣ ትኩስ ቀለም አንሰጠውም። ትኩስ ከሰጡት እድፉም ክሩም እኩል ይጠጣሉ። ቀለሙን አቅጥነን፣ አቀዝቅዘን፣ ሳንነካካ ነው የምንተወው። ክሩ ቀስ ብሎ ይጠጣል፣ እድፉ ይሰንፋል።"

"ይኼ እኮ ጨርቅ አይደለም።"

"ይሞክሩታ፤ ከዚህ በላይ ምን ይበላሻል?"

ሚስቱ ከማቀዝቀዣው ውሃ አመጣች። ጆሮ ኬሚካሉን እንደ መድኃኒት በጠብታ እየለካ አቅጥኖ፣ ከኋለኛው ጫፍ ሌላ ቁራጭ ነክሮ፣ እጁን ጀርባው ላይ አቆላልፎ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቀ። ማነቃነቅ ለለመደ እጅ ይኼ ቅጣት ነው። ቁራጩ ሲወጣ ግራጫ ነበር፤ ቀጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ግራጫ። ሦስቱም ተያዩ።

ቀጥሎ የተቆረጠችው ሠላሳ ሰባተኛዋ ናት፤ አንድ ሰው ብቻ ያለባት፣ እሱም ራሱ። "ቢጠፋም የእኔ ነው" አለ ጆሮ። አልጠፋም። ከጭጋጉ ውስጥ ኮፍያው የጠበበው፣ ጆሮዎቹ እንደ ጣሳ እጀታ የተዘረጉ ልጅ እግር ወጣ። ጥጉ ላይ ደብዘዝ ያለ ክብ ነገር አለ፤ የሰዓት ሠሪው አውራ ጣት፣ ሌንሱን ሸፍኖት። ጆሮ ያቺን አውራ ጣት ለብዙ ጊዜ አያት። የዚያ ሰው ሌላ ፎቶ የትም የለም።

የቀረው በጨለማ መቁረጥ ነበር። እያንዳንዱ ፎቶ በፊልሙ ጠርዝ ከተደረደሩት ቀዳዳዎች ስምንቱን ይወስዳል። ከመጨረሻው ዘጠና ስድስት ቀዳዳ ቆጥሮ አንዴ፣ ከዚያ አርባ ስምንት ቆጥሮ ሌላ መቀስ፤ ሃያ ሁለተኛዋ ያለችው እዚያ መካከል ነው። አንድ ቀዳዳ ቢሳሳት መቀሱ ሰው መሃል ያርፋል። ሴትየዋ ጨለማው ውስጥ ከጎኑ ተቀመጠች። እሱ በጥፍሩ እየዳሰሰ ስምንት በሞላ ቁጥር "አንድ" ይላል፣ እሷ ጣቷን ታጥፋለች።

"ስንት አልን?"

"ሰባት።"

"ስምንት መስሎኝ።"

"ሰባት ነው፣ ጋሼ። ጣቶቼን አምናቸዋለሁ።"

እሷ ነበረች ልክ።

ፊልሙ ደርቆ ወደ መብራት ሲያዝ እንደሚጠበቀው ሁሉም ተገላቢጦሽ ነበር፤ ፊት ጥቁር፣ ጨለማ ነጭ። "ጥርሱ ከሰል ነው" አለች፤ ሳቋን ግን አልጨረሰችውም። አላወቀችውም። ጆሮ ወረቀት ላይ አሳረፈው። ወረቀቱ በሳህኑ ውስጥ መጀመሪያ ባዶ ነበር፣ ቀጥሎ እንደ ጥላ፣ ቀጥሎ ከአራት ሰው ትከሻና ኮሌታ በላይ አንድ ረጅም ሰው፣ የሌላው ኮፍያ አገጩን በትንሹ የነካው፣ ሊስቅ ሲል የያዙት።

ሴትየዋ ሳህኑ ላይ አጎነበሰች። ትንፋሿ ውሃውን አንቀሳቀሰው።

"ይኼ ቅንድብ" አለች። "የልጄ እኮ ነው። ጠዋት ጠዋት ስቀሰቅሳት የማየው ይኼን ቅንድብ ነው።" ከዚያ ሰማያዊ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጆሮ ወደ በሩ ዞሮ ኮቱን ፈለገ፤ ኮት አልለበሰም ነበር።

ፎቶውን ከወሰደች ሁለት ወር ሆነ። አሁንም ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ትመጣለች። "ደረቱ ላይ ያለውስ ማነው?" ብላ ነው የጀመረችው። ደብተሩ "ቁጥር ሃያ ሁለት፣ አራተኛ ዙር፣ ድንች" ይላል። አጭርና ክብ ሰው ነበር፤ ፊቱ ያረፈው የሰንበሌጥ ሸሚዝ ላይ ነው። ሸሚዙ ነጣ ያለ ስለሆነ የድንችን ግማሽ ጉንጭ በልቶታል። ማንም መጥቶ ጠይቆት አያውቅም።

ጆሮ ካርቶን ላይ የአንድ ፊት ስፋት ያለው ቀዳዳ ቀዶ፣ ፊልሙን ወረቀት ላይ ከሚያሳርፈው መብራት ሥር ይዞ፣ የድንች ጉንጭ ከሸሚዙ እንዲለይ እዚያ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን እያስረዘመ፣ ሌላውን እያሳጠረ ነው። እስካሁን ዐሥራ ዘጠኝ ወረቀት ተጥሏል። በአንዱ ጉንጩ ወጥቶ ዓይኑ ጠፋ፤ በሌላው ዓይኑ ወጥቶ የሸሚዝ ቁልፍ ግንባሩ ላይ ተሰካ፤ ሚስቱ እሱን ፎቶ ማዕድ ቤት ሰቅላዋለች። ዛሬ ቀዳዳውን በመቀስ ትንሽ አጠበበው። ሴትየዋ ከጎኑ ቆማ ሰኮንዱን ትቆጥራለች። "ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ ሁለት... እጅዎን ከፍ፣ ጋሼ፣ ከፍ!" ጆሮ ካርቶኑን ከፍ አደረገ፣ መብራቱን አጠፋ፣ ሃያኛውን ወረቀት ሳህኑ ውስጥ ነከረው።